ከጥላዋ እንዳትወጡ

መጋቢት መግባቱን የሚነግረኝ የሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል በር ነው። ነርስ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ፣ የሰፈሬ ሰው ሳይቀር። ክረምት በዚያ በር የሚገባው ሳልና ትኩሳት ነው፤ ጋቢ የተከናነበ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አደብ ያለው በሽተኛ። ሙቀቱ ሲጀምር ግን ደም ነው! ራሱን የተፈነከተ፣ ክንዱ በዱላ የተሰበረ፣ የገዛ ጓደኛው በቢላዋ የወጋው። «በምን ተጣላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ከቁስሉ ይብስብኛል። «ገላመጠኝ።» «ገፋኝ።» «ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።» ወይ ጉድ! ሰው በወንበር ይገዳደላል? በጥቅምት ቢሆን እኮ «ተነሣልኝ» ብሎ ያልፈው ነበር!

ባሕር ዳር ሐይቅ ስላላት ቀዝቃዛ የምትመስለው እንግዳ ብዙ ነው። በጥር ይመጣል፣ ጣና ዳር ዓሣውን በልቶ፣ ንፋሱን ተቀብሎ፣ «ምን ያለ አየር ነው!» እያለ ይሄዳል። እስቲ በመጋቢት መጨረሻ ይምጣና ዓባይ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይደር! ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን እሳት ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል። ሰው ሲገላበጥ ያድራል። ጠዋት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው፤ የሚጾመው ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጠማ፣ ፀሐይ አናቱን የምትበላው ሰው ላይ አንዱ ይመጣና ትከሻውን ገፋ ያደርገዋል። በቃ! ለኔ ሥራ መጣልኝ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም አለን። አንድ ቀን የተፈነከተ ራስ እየሰፋ፣ «ሲስተር፣ ይኼ የባሕር ዳር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በሌሎች ከተሞችም ሲሞቅ ድብድብ ይበዛል ይባላል» አለኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ለዓመታት ስለፈልፍ «አንች ደግሞ ሁሉን በሙቀት ታሳብቢያለሽ» ሲሉኝ ኖረዋል። ለካ አላበድሁም! የዚያን ዕለት ቤት የገባሁት እየበረርሁ ነው፤ በቀጥታ ወደ አባቴ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጣና ደሴቶችና በዳርቻው አድባራት ሲቀድሱ የኖሩ፣ አጠር ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ዳዊታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ሰውን እርስ በርሱ የሚያባላው ሙቀት ነው! ሐኪሙም መሰከረልኝ» አልኋቸው ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«ሙቀት በማን ላይ እጁን አንሥቶ ያውቃል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የቀትር ጋኔን ነው።»

«እሺ፣ ጋኔኑ ታዲያ ክረምት የት ይሄዳል?»

«ክረምትማ ጭቃው ይይዘዋል።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን ከመጽሐፉ ላይ ሳያነሡ፣ «ጀንበር ስትጠልቅስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሲመሽማ ይበርዳል አባባ። ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣል፣ ሰውም ውሃ ይጠጣል። ጠጅና አረቄ ካልገባበት በቀር ቀትር ላይ ሊገዳደል የነበረው ሰው ሲመሽ በምን እንደተጣላ እንኳ አያስታውስም።»

«እንዲህ ነው በይኛ» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

እኛ ቤት ይህ ጉዳይ ዝም ብሎ ጨዋታ አይደለም። ታላቅ ወንድማችን የሞተው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ያን ጊዜ እንፍራንዝ አካባቢ ነበርን፤ አባቴ እዚያ አንድ ደብር ያገለግሉ ነበር። ቀትር ላይ፣ የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ የኔ ጀሪካን ይቀድማል የለም የኔ ይቀድማል ተባለ፤ ድንጋይ ተነሣ። የወረወረው ልጅ አብሮ አደጉ ነበር። አባቴ ቅዳሴ ላይ ነበሩና ሲደርሱ ሁሉም አልቋል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። አገሩን ትተን ባሕር ዳር ገባን፤ እኔም ነርስነት ተማርሁ። ከወንድ የቀረን ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ ባጃጅ ይነዳል። ቁጣው! አቤት ቁጣው! እኔ ራሴ ቶሎ የምፈላ ሰው ነኝ፤ እሱ ግን ሳይጣድ ነው የሚፈላ። ክረምትና በጋውን ሳስበው አድራለሁ። መጋቢት ላይማ የድንገተኛ ክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የሚገባውን ሰው ጫማ ነው፤ የወንድሜ ጫማ እንዳይሆን።

የባጃጅ ተራቸው ዓባይ ማዶ ነው፣ ድልድዩን ተሻግሮ። መንገዱ ሲሰፋ የድሮዎቹ ዛፎች ተቆረጡና በምትካቸው ዘንባባ ተተከለ። ዘንባባ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ጥላው ግን ለአንዲት ዶሮ አይበቃም! ከድሮዎቹ የተረፈች አንዲት ዋርካ ናት፣ የተራው ራስም እሷ ሥር ነው። ሾፌሮቹ ራሳቸው ሕግ አውጥተዋል፤ ጥላው የተራ መሪው ነው። ፊት ያለው ባጃጅ ዋርካዋ ሥር ይቆማል፣ ሌላው ከኋላው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይጠበሳል፤ መሪው ሰው ጭኖ ሲወጣ ቀጣዩ ይገባል። በኅዳር ይህን ሕግ የሚያስታውሰው የለም። በመጋቢት ግን በሱ ቀልድ የለም።

አንድ የመጋቢት ቀን አዳር ተረኛ ስለነበርሁ ቤት ነበርሁ። አባቴ በአንዱ ደሴት የታመሙ የጥንት መምህራቸውን ጠይቀው ማታ ሊመለሱ ፈለጉ። ስልካቸውን ከኪሳቸው እየጣሉ ስላስቸገሩኝ እኔ ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ባጃጅ ላይ ሳሳፍራቸው እሰጣቸዋለሁ ብዬ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ወደ ዋርካዋ ስንቃረብ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ።

«አውጣው ነው የምልህ! አውጣው!»

ወንድሜ ለሽንት ዞር ባለበት ቅጽበት ከኋላው የነበረው ሾፌር ባጃጁን ገፍቶ ፀሐይ ላይ አውጥቶታል፣ የራሱንም ጥላው ውስጥ አስገብቷል። ይኼ ሾፌር ቀጭን ረጅም ነው፤ ሁሉም «የቆላ ድባው» ነው የሚሉት፣ ከዚያ ስለመጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። «አላወጣም! ምን ታመጣለህ?» ይላል።

ወንድሜ ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻውን መዘዘ። የቆላ ድባው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣ። ዋርካዋ ሥር ማንጎ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እሷ ተነሥታ «በሕግ አምላክ! ኧረ በሕግ አምላክ!» ትላለች፣ ማን ይስማት! እኔ ቦርሳዬን እንኳ ሳልጥል ዘልዬ ገባሁና የወንድሜን እጅጌ ያዝሁ።

«አንተ! የት ልትደርስ ነው? ጣለው!»

«እታለም ልቀቂኝ! ዛሬስ አንዳችን ነን!»

ዓይኑን አየሁት። እውነቴን ነው፣ አላወቀኝም። እያየኝ አላወቀኝም! ይህን ዓይን በሥራዬ ብዙ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የማየው ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ መቺው በቁስለኛው አልጋ ዳር ቆሞ «ምን ሆኜ ነው?» እያለ ሲያለቅስ ነው። ከመሆኑ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። መፍቻው ከጭንቅላቴ በላይ ተነሥቷል፣ ድንጋዩም ተነሥቷል፣ እኔ መሐል ነኝ። ደግሞ እኔም እየተሳደብሁ ነበር፤ ማንን እንደሆነ ግን አላስታውስም።

ያን ጊዜ ነው የአባቴ ድምፅ የመጣው። እኚያ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው! ዓባይ ማዶ ሙሉውን የሰማ ይመስለኛል።

«ገዝቻለሁ!»

መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ፀሐዩ ላይ ቆመዋል።

«በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻችኋለሁ! ከዚህች ጥላ ሥር የቆማችሁ ሁሉ፣ እኔ ተመልሼ እስክፈታችሁ ድረስ ከጥላዋ እንዳትወጡ! እጃችሁንም በሰው ላይ እንዳታነሡ!»

ግዝት በኛ አገር የሚደፈር ነገር አይደለም። ካህን የገዘተውን የጣሰ ሰው ሥጋ ወደሙ አይቀበልም፤ ሰርጉም ቀብሩም አያምርም፤ እናቱ እንኳ እህል ስታቀርብለት እጇ ይፈራል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰም ይሁን ባጃጅ የሚነዳ፣ ግዝት ሲባል እግሩ ይታሰራል። ድንጋዩ ከቆላ ድባው እጅ ዱብ አለ። የወንድሜ ክንድ በቀስታ፣ በቀስታ ወረደ። አባቴ ያንን አይተው ዘወር አሉና የሚያልፍ ባጃጅ አስቁመው ተሳፈሩ። ሄዱ! በቃ ሄዱ! ጀልባው ሊያመልጣቸው ነዋ!

እኔ «ተመስገን!» ብዬ ላቤን ጠረግሁ። መፍቻውን ከወንድሜ እጅ ቀማሁ። ወደ ቤቴ ልሄድ አንድ እግሬን ሳነሣ ማንጎ ሻጯ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ሲስተር! ወዴት? አንችም ነሽ እኮ!»

«እኔ? እኔማ ገላጋይ ነኝ!»

«የቆማችሁ ሁሉ ነው ያሉት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንችም፣ እኔም፣ እነሱም።»

እግሬ አየር ላይ ቀረ። ወይኔ! በገዛ አባቴ! ቶሎ ብዬ ስልኬን አውጥቼ ደወልሁላቸው። ጠራ። ከገዛ ቦርሳዬ ውስጥ ጠራ! ማንጎ ሻጯ እስክትታጠፍ ሳቀች። እኔ ግን ብሽቀቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ መፍቻውን መሬት ላይ ጣልሁና ማንም እንዳያነሣው ቁጭ አልሁበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት! ጮኼ ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ መልሼ ተቀመጥሁበት።

አባቴ የልጆቹን እጅና እግር ገዘቱ እንጂ አፋቸውን አልገዘቱም። ስለዚህ ተሰዳደቡ። እንዴት ያለ ስድብ! አንዱ ከዋርካዋ ግንድ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው።

«ሌባ! የተራ ሌባ!»

«ፈሪ! በእህትህ ቀሚስ የምትደበቅ!»

«አገርህ ግባ! እዚያ ጥላ ሞልቶልሃል!»

እኔም አልቻልሁም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ሞለጭሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። ከጥላው ውጭ ቆመው ነው ታዲያ፤ አንድ ጣት እንኳ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የለም፣ ግዝቱ እንዳይነካቸው! አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። «ቲክቶክ ላይ ካየሁት ግን መርፌ የምትወጋው በኔ እጅ ነው!» አልሁት፤ አጠፋው። በዚያ የሚያልፉ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለመንኋቸው፣ «አባ፣ እርስዎ ይፍቱን።» ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ «ልጄ፣ ያሰረው ነው የሚፈታ። እኔ በሌላ ካህን ቃል አልገባም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ማንጎ ሻጯ ናት ያየችው።

«ኧረ ጥላዋ ሄደች!»

እውነትም! ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል ጥላው ወደ ምሥራቅ እየተንሸራተተ ነው። የወንድሜ ጉልበት ላይ ፀሐይ ወጥቶበታል። «ግባ! ግባ ጥላው ውስጥ!» እያልን ሁላችንም በቂጣችን ተንፏቀቅን። የማንጎውን ሳፋ አንዱ ጎትቶ፣ ሌላው መደቡን ተሸክሞ። ትንሽ ስንቀመጥ ደግሞ ትሄድብናለች። መጀመሪያ የእግረኛውን መንገድ ጨረስን። ቀጥሎ ጥላዋ አስፋልት ውስጥ ገባች፤ እኛም ከነማንጎው አስፋልት ውስጥ ገባን! መኪና ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይራገማል። ትራፊክ ፖሊስ እየሮጠ መጣ።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ? ተነሡ!»

«ግዝት ላይ ነን» አለው የቆላ ድባው።

ትራፊኩ አንዴ እኛን፣ አንዴ ጥላዋን አየ። ቆቡን አውልቆ ተመልሶ አደረገና መኪናውን በአንድ በኩል ያሳልፍ ጀመር። እንዲያውም አንዱን ሚኒባስ «ጥላዋን አትርገጥ!» ብሎ ሲጮህበት ሰማሁ። ያን ጊዜ ወንድሜ ሳቀ። ወዲያው ዋጠው፣ ግን አይቼዋለሁ፤ የቆላ ድባውም አይቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጾሙ ሲፈታ ማንጎ ሻጯ፣ «በቃ፣ የዛሬው ገበያ እናንተ ናችሁ» ብላ ማንጎዋን አቀረበች። ከዚያ ያደረገችውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል፤ ቢላዋውን አንሥታ ለቆላ ድባው ሰጠችው! «አንተ ቁረጥ» ብላ። ቢላዋው እጁ ውስጥ ነው፤ ወንድሜ በክንድ ርቀት ነው ያለ። በሥራዬ ስንቱን እንዲህ ያለ ቢላዋ የከፈተውን ሆድ አይቻለሁ! ግዝቱ ይይዘው ይሆን? ከሙቀቱና ከግዝቱ የትኛው ይበረታል? የቆላ ድባው ማንጎውን ላጠ። ቆረጠ። አንዱን ጎን ለኔ፣ አንዱን ለማንጎ ሻጯ ሰጠ፤ ሦስተኛውን በቢላዋው ጫፍ ሳይሆን በእጁ ይዞ ወደ ወንድሜ ዘረጋ።

«አልፈልግም» አለ ወንድሜ።

«ተወው፣ ይድረቅ» አለና መሬት ላይ ሊያደርገው ሲል ወንድሜ ነጠቀው። በልቶም «ጎምዛዛ ነው» አለ። ሁለተኛ ሲሰጠው ግን ዝም ብሎ በላ። አገጩ ድረስ ወረደበት።

ውሃ አመጡልን፣ ጠጣን፣ አናታችን ላይ አፈሰስን። ስድቡ እየሳሳ መጣ። «ሌባ» የሚለው «አንተ እኮ ሰው አታከብርም» ሆነ። እሱም «ታዲያ ብትጠይቀኝ ምናለ» ሆነ። በመጨረሻ የቆላ ድባው ሌሊቱን ሙሉ ልጁ በትኩሳት ሲቃጠልበት ቁጭ ብሎ ማደሩን ነገረን። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ዓይኑ ጨልሞበት ነበር። እኔ ወዲያው ነርስ ሆንሁ፤ «ስንት ቀኑ ነው? ይጠባል? ነገ ሳይሆን ዛሬ አምጣልኝ!» አልሁት።

«ይኼን ቀድመህ ብትነግረኝ ጥላውን እለቅልህ ነበር እኮ!» አለ ወንድሜ ተቆጥቶ።

«በዚያ ሙቀት ማን አፍ አለው?» አለው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ከሐይቁ መጣ። ኧረ እንዴት ያለ ነፋስ! የዋርካዋ ቅጠል ተንጫጫ፣ ሸሚዛችን ከጀርባችን ተላቀቀ፣ እኔም «እፎይ» አልሁ። ግን አንድ ሾፌር ከወደቡ በኩል መጥቶ፣ «ሐይቁ ተናውጧል፤ ጀልባ አይመለስም» ሲል ዘልዬ ተነሣሁ። አባቴ! ወንድሜ ተነሣ፣ የጥላዋ ጠርዝ ድረስ ሄዶ ቆመ፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። መውጣት አይችልም።

«ዋና ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ የቆላ ድባው በቀስታ።

«ቄስ ምን ዋና ያውቃል!» ብዬ ጮህሁበት፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። እሱ ስልኩን አውጥቶ ወደብ ላለ ጓደኛው ደወለ። ጀልባው ገና አልተመለሰም አሉት። ወንድሜ አጠገቡ ቁጭ አለ። «ደግመህ ደውልለት» አለው። ደወለለት። ያንን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍነው እኔ አላውቅም፤ በየመሐሉ እየደወለ «ገና ነው» ይለናል፣ ወንድሜም «እሺ፣ ትንሽ ቆይተህ» ይለዋል።

ጀንበር ጠለቀች። ጥላዋ ከሌላው ጥላ ጋር ተቀላቅላ የት እንዳለች የሚለያት ጠፋ። ከዙሪያችን ክርክር ተነሣ። «ከተማው ሁሉ አሁን ጥላ ነው፣ የትም ብትሄዱ ከጥላ አልወጣችሁም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «የለም፣ የዋርካዋን ነው ያሉት» አለ ሌላው። ማንጎ ሻጯ ሳፋዋን ታቅፋ፣ «እኔ ጠርዙ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ አልነቃነቅም» አለች። እኔ የአዳር ሰዓቴ ደርሷል። ወንድሜ ደግሞ ወደቡ ሊሮጥ ነው፤ የቆላ ድባው «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ ኃጢአቱን እንካፈላለን» ብሎ ሁለቱም ተነሥተዋል።

«ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ! ከድልድዩ በኩል፣ በእግራቸው፣ ደኅና ሆነው፣ ቀሚሳቸው ጠብታ ውሃ ሳይነካው! ዘልዬ ልጠመጠምባቸው ስል በመስቀላቸው ከለከሉኝ። መጀመሪያ ሁለቱን ልጆች በየተራ አዩአቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን። ከዚያ አራታችንንም አስቀምጠው ጸሎት አደረጉ፣ መስቀሉን በየግንባራችን አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ፤ ሂዱ።» የቆላ ድባው ጉልበታቸውን ስሞ ልጁን ሊያመጣ ሄደ። የወንድሜን ባጃጅ ግን ከመሄዱ በፊት ራሱ ገፍቶ አመጣለት።

ወንድሜ አባቴንና እኔን ከኋላ ጭኖ ወደ ሆስፒታሉ ተነሣ፣ እኔን ሊያደርስ።

«ጀልባዋ እንዴት አለፈች አባባ? ያ ሁሉ ማዕበል!»

«አልተሳፈርሁም።»

«እንዴ! የት ዋሉ ታዲያ?»

«እዚህ፣ ድልድዩ ሥር። ሳልሻገር ወረድሁ። ጸሎቴን ሳደርስ ዋልሁ።»

ተናደድሁ። ብግን ብዬ ተናደድሁ! «እዚህ? ለካ እዚህ ሆነው? እኛ እኮ ሐይቅ በላቸው ብለን ልባችን ሊፈርስ ነበር! በአስፋልት ላይ ስንንፏቀቅ የዋልን! ምነው መጥተው ቢፈቱን?»

«ጀንበሯን ስጠብቅ ነው። አንች አይደለሽ ሲመሽ ይበርዳል ያልሽኝ?»

ባጃጁ ድልድዩ ላይ ወጥቷል፣ ነፋሱ በግራና በቀኝ ይገባል። አባቴ ወደ ውሃው ዞረው እንደተቀመጡ፣

«ወንድማችሁን» አሉ። ስለ እሱ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። «ወንድማችሁን ጀንበር እስክትጠልቅ ብቻ የሚያቆይልኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ ዛሬ ልጅ ወልዶ ያሳየኝ ነበር።»

ባጃጁ ቀስ አለ። ከዚያ ቆመ፣ ድልድዩ መሐል። ከኋላችን መኪና ጡሩንባ ይነፋል፣ ወንድሜ አይሰማም፤ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኋላ እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ። አባቴም እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

«ነገም እንዲህ ይሞቃል?» አሉኝ።

«ይሞቃል አባባ። ዝናቡ እስኪገባ እንዲሁ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ስትወጣ ከቤት ውሰደኝ» አሉት ወንድሜን። «ጀንበር እስክትጠልቅ ከናንተ ጋር ዋርካዋ ሥር እቀመጣለሁ።»

ወንድሜ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «እሺ አባባ» ብሎ ባጃጁን አስነሣ።